ጭቃ የበላው ጫማ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

በጫማ ነገር መረረኝ። የ12 ዓመት ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ጡረታ ከወጡ ቀያሽ ጎረቤታችን ጋር ጫካ ለጫካ ሲዞር ይውላል። ሲመለስ ጫማው ጭቃ፣ ሱሪው እሾህ ነው። ምድጃ አጠገብ ባደርቀውም ሶሉ እየተላቀቀ በወር ሁለት ጫማ ጨረሰ። ክፍል ውስጥ አርፎ መቀመጥ ያቃተው ልጅ እሳቸው ዘንድ ሲሆን አደብ ይገዛል፤ ይሄ ራሱ ያናድደኛል። የሂሳብ ደብተሩን ጀርባ እንኳ ሞነጫጭሮታል፤ «74፣ 71፣ 77» ይልና ከሥሩ 74ን ከብቦታል። ባለፈው ሳምንት ሂሳብ ከ100 31 ሲያመጣ ቅዳሜን ከለከልኩት። ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። አጠፋሁ እንዴ?

የመረራት እናት

እህቴ፣

አዎ፣ አጥፍተሻል። «ሞነጫጭሮታል» ያልሽው ሂሳብ ነው። 100 ሜትር ተለክቶለት፣ ግራ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ብቻ እየቆጠረ ሦስት ጊዜ ሄዷል። ድምሩ 222፣ ለሦስት ሲካፈል 74። የከበበው አማካዩን ነው፤ 100 ሜትር ለመሄድ 74 ቆጠራ ይፈጅበታል ማለት ነው።

ቀጥሎ ካርታ ይመጣል። በ1፡50,000 ካርታ 2 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ካርታው ላይ 3.5 ሴንቲ ሜትር የሚርቅ ወንዝ 1,750 ሜትር፣ በልጅሽ እግር 1,295 ቆጠራ ይሆናል። ቆጠራው እንዳይጠፋበት በየ100 ሜትሩ አንድ ጠጠር ከቀኝ ኪሱ ወደ ግራው ያዛውራል። ዳገትና ረጅም ሣር ላይ ግን እርምጃ ያጥራል፤ ቁጥሩ ሞልቶ ወንዙ የለም። በቀይ እስክሪብቶ የሚሰርዝበት ሰው ስለሌለ ተመልሶ ለዳገት ሌላ ቁጥር ያወጣል።

ቅዳሜውን መልሺለት። የውጤት ሽልማትም ቅጣትም አታድርጊው። «አየህ፣ ሂሳብ ትችላለህ» ብለሽም አትስበኪው፤ ትምህርት ቤት ከሸተተው ይሸሻል። «የዳገቱ ቁጥርህ ስንት ወጣ?» በዪና ስሚው።

የምቆጣሽ ግን በሌላ ነው፤ የት እንደሚሄዱ አንድ መስመር አልጻፍሽም። ሰውየው የቱንም ያህል ደግ ቢሆኑ አንድ አዋቂና አንድ ልጅ ብቻቸውን ጫካ አይግቡ፤ ሌላ ልጅ ይጨመር፣ ካልሆነም አንቺ ሂጂ። መንገዱና የመመለሻ ሰዓቱ ተጽፎ ቤት ይቀመጥ። አንገቱ ላይ ፊሽካ ይንጠልጠል፤ በአንድ ደቂቃ 6 ጊዜ ነፍቶ አንድ ደቂቃ ማረፍ የድረሱልኝ ምልክት ነው። ከጠፋም ባለበት ይቁም።

ጫማውን ራሱ ይጠበው። የጨረሰው ግን ጭቃው ሳይሆን ምድጃሽ ነው፤ ሙቀት የሶሉን ማጣበቂያ ያላቅቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁበት ነፋሻ ጥላ ውስጥ ይደር።