አክተሩ ማነው? የጌም ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ሰላም። የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ነው የሚመስሉት፣ አራት ሰው ከአራት ቦታ አንድ ነገር ጠይቆኛል፦ ትልልቅ ጌሞች ላይ አክተሩ (ያው ዋናው ካራክተር ማለቴ ነው፣ ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው አክተሩ ነው የሚለው) ጌይ፣ ሌዝቢያን ወይ ትራንስ ስለመሆኑ። ስለዚህ ጆይስቲካችን ብቻውን እየሄደ አስቸገረን ያላችሁኝ ልጆች ይቅርታ፣ እናንተ በሚቀጥለው።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ እዚሁ አሜሪካ ነው የተወለደው። እሁድ ቡና ላቀርብ ሳሎን ስገባ ቲቪው ላይ ሁለት ሴት ልጆች ተቃቅፈው ሲጨፍሩ ቆይተው ሲሳሳሙ አየሁ። ጀበናው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ምንድነው ይሄ ስለው "ማሚ እኔ አይደለሁም፣ ጌሙ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው ወይስ እሱ መርጦት ነው? ደግሞስ ይሄን እያየ እሱም እንደዛ ቢሆንብኝስ? (እናት ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ አልዋሸም። እንደነገሩኝ ከሆነ ያዩት ጌም ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት ቱ ነው፣ ኖቲ ዶግ የሚባል የካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ሰርቶት ሶኒ በጁን 2020 ያወጣው። አክተሯ ኤሊ ትባላለች፣ የምትወዳት ልጅ ደግሞ ዲና ናት። ልጅዎ ይሄን ቢፈልግም ባይፈልግም መቀየር አይችልም፣ የሚጫነው በተን የለም፣ ታሪኩ እንደ ፊልም ተፅፎ ያለቀ ነው። ሌሎች ጌሞች ደግሞ አሉ ተጫዋቹ ራሱ ከማን ጋር ፍቅር እንደሚጀምር የሚመርጥባቸው፣ እዛ ላይ ቢሆን ኖሮ "ጌሙ ነው" የሚለውን አይመኑት እልዎት ነበር። ይሄን ልዩነት ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጭፈራው ዋዮሚንግ ውስጥ ጃክሰን የምትባል ከተማ ነው፣ ዓለም በወረርሽኝ ካለቀ በኋላ የተረፉ ሰዎች የሚኖሩባት። ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ከዛ ጭፈራ ማግስት ነው፣ ጭፈራው ራሱ ኋላ ላይ እንደ ትዝታ ነው የሚመጣው። ልጆቹ ሲሳሳሙ ሴዝ የሚባል ሽማግሌ ይሰድባቸዋል፣ ኤሊን እንደ ልጁ ያሳደጋት ጆኤል ዘሎ ገፍትሮ ያስቆመዋል፣ እሷ ግን በማመስገን ፋንታ "ማን ግባ አለህ" አይነት ትቆጣዋለች። በማግስቱ ጠዋት ሰውየው ሰው ጎትጉቶት አቀርቅሮ መጥቶ ስቴክ ሳንዱዊች ይሰጣታል፣ ይቅርታ መጠየቁ ነው በቃ። ልጆቹ በኋላ በሳንዱዊቹ ይቀልዱበታል። እኔ ከዛ ሁሉ ተኩስና ዞምቢ መሀል የማይረሳኝ ይሄ ሳንዱዊች ነው፣ የኛም ሽማግሌ እኮ ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም፣ "ምሳ በላሽ?" ነው የሚለው።

አሁን ደግሞ ልቆጣዎት ነው። ይሄ ጌም አሜሪካ ውስጥ ኤም ተብሎ የተፈረጀ ነው፣ ከ17 ዓመት በላይ ማለት ነው፣ ማሸጊያው ላይ ተፅፏል። ሰው ከኋላ ታንቆ በቢላ ሲታረድ እየተንፈራገጠ የሚያሳይ ጌም ነው፣ እና እርስዎ ከዛ ሁሉ ውስጥ ያስደነገጠዎት መሳሳሙ ከሆነ ቁጭ ብለው አንድ ሰዓት አብረውት ቢያዩ ጥሩ ነው። "እንደዛ ቢሆንብኝስ" ላሉት፣ ሰው የተጫወተውን የሚሆን ቢሆን ኖሮ ሰፈራችን ውስጥ ፊፋ ላይ ያደገው ጎረምሳ ሁሉ አሁን ምባፔ ነበር።

ጥያቄ፦ ጌም ቤት ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ተጨቃጭቀን ልንጣላ ነው። እሱ "አሁን የሚወጣው ጌም ሁሉ አክተሩ ጌይ ነው፣ የሚከስሩትም ለዛ ነው" ይላል። እኔ ደግሞ ትልልቆቹ ላይ ጭራሽ የለም፣ ትናንሽ ጌሞች ላይ ነው ያለው ብያለሁ። በሁለት ማኪያቶ ተወራርደናል፣ አንተ ፍረድ። (ከጀሞ)

መልስ፦ ወንድሜ ሁለታችሁም አልሆነላችሁም። ከሱ ልጀምር። ግላድ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት አለ፣ ሚዲያ ላይ የኤልጂቢቲኪው ሰዎች (ጌይ፣ ሌዝቢያን፣ ትራንስ የመሳሰሉት) እንዴት እንደሚቀርቡ የሚከታተል፣ በ2024 ባወጣው የጌም ሪፖርት ኮንሶል ስቶሮች ላይ ካሉት ጌሞች እንደዚህ አይነት ይዘት አላቸው ተብለው የተመዘገቡት 2 በመቶ እንኳን አይሞሉም፣ ከተጫዋቾቹ ግን 17 በመቶው ኤልጂቢቲኪው ነን ብለዋል። "ሁሉ" የሚለውን እዚህ ጋ ጣለው።

አንተም ጭራሽ የለም ማለትህ ልክ አይደለም፣ ኤሊን ከላይ አይተሃታል። ግን ትንሽ እውነት አለህ፣ ለምን መሰለህ፣ ብዙ ጊዜ ትልልቆቹ ጌሞች "አለን" የሚሉት እናቴን ያዙልኝ ያልኳቸውን ሁለተኛውን አይነት ነው፣ አንተ ከመረጥክ ጌይ የሚሆነውን አክተር። ማስ ኢፌክት 2007 ላይ ሲወጣ ኮማንደር ሼፐርድን ሴት አድርገህ ሊያራ ከምትባል የሌላ ፕላኔት ሴት መሳይ ፍጡር ጋር ማፋቀር ትችል ነበር፣ ወንድ ከወንድ ግን እስከ ሶስተኛው ጌም፣ እስከ 2012 ድረስ አልነበረም። ሳይበርፐንክም ባልዱርስ ጌት 3ም የምርጫ ጌም ናቸው። ካልመረጥክ ጨርሰኸው ትወጣለህ ምንም ሳታይ፣ ኩባንያው ደግሞ ለሚፈልገው አለ ይላል ለማይፈልገው የለም ይላል፣ ማንም አይቀየመውም። ጎበዝ ነጋዴ።

ይሄ ምርጫ ስንት እንደሚያወጣ የታየው አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ ላይ ነው። 2018 ላይ ሲወጣ አክተሩን ካሳንድራ ወይ አሌክሲዮስ አድርገህ፣ ከወንድም ከሴትም ጋር እንደፈለግክ ተብሎ በሰፊው ተወራለት፣ ሰውም አመነ። ካሳንድራን ከሴቶች ጋር ብቻ አድርጎ በመቶ ሰዓት የሚቆጠር ጊዜ የተጫወተ ሰው ነበር እኮ፣ ለሱ ካሳንድራ ሌዝቢያን ናት አለቀ ደቀቀ። ከዛ በጃንዋሪ 2019 ዲኤልሲ (ጌሙ ላይ የሚጨመር ተጨማሪ ክፍል) መጣና የፈለግከውን ብትመልስ ካሳንድራ ከአንድ ወንድ ጋር ልጅ ወልዳ ጎጆ ወጥታ ቁጭ። ይባስ ብሎ እዛ ስትደርስ የሚሰጥህ ትሮፊ ስሙ "ማደግ" ነበር፣ እስከዛሬ ልጅ ነበርሽ አሁን አደግሽ እንደማለት፣ አክስቶቻችን ሰርግ ላይ የሚሉትን ነገር የጌሙ ኩባንያ ዩቢሶፍት ትሮፊ አደረገው። ጩኸቱ ሲበዛ ይቅርታ ጠየቁ፣ የትሮፊውን ስም ቀየሩ፣ ትዕይንቱንም አስተካከሉት። ለዛ ነው እኔ ስቆጥር ተፅፈው ያለቁትን ብቻ የምቆጥረው፣ ተጫዋች የመረጠውን ፀሐፊው በማግስቱ ሊወስድበት ይችላል፣ ኤሊን ግን ማንም አያስረሳትም።

(በነገራችን ላይ ጂቲኤ የምትወዱ፣ ዘ ባላድ ኦፍ ጌይ ቶኒ የሚለው የ2009ኙ ላይ ቶኒ አክተሩ አይደለም። ርዕሱ ላይ ቶኒ ቁጭ ብሎ የምትጫወተው በሉዊስ ነው፣ በሱ ጠባቂና ሸሪክ። ስሙን ይሰጡሃል ጆይስቲኩን ግን አይሰጡህም።)

አሁን ኪሳራው። የኤሊ ጌም ሊወጣ ሲል ታሪኩ አፈትልኮ ኢንተርኔት ላይ ተበተነና ገና ማንም ሳይነካው ጦርነት ሆነ። አቢ የምትባለውን ጡንቻማ ሴት "ትራንስ ናት" ብለው ስንት ተባለ፣ አይደለችም፣ ትራንስ የሆነው ሌቭ የሚባል ትንሽ ልጅ ነው፣ አልተጫወቱትማ። በወጣበት ቀን ሜታክሪቲክ የሚባለው የጌም ነጥብ የሚሰበስብ ዌብሳይት ላይ ዜሮ ዜሮ ሲደረደርለት ዋለ፣ ጌሙ ለመጨረስ ከ20 ሰዓት በላይ የሚፈልግ ነው፣ እነሱ ግን ምሳ ሳይደርስ ጨርሰው ፈረዱ። ሜታክሪቲክ ራሱ በወሩ ህግ ቀየረ፣ ጌም ከወጣ 36 ሰዓት ሳይሞላው ተጠቃሚ ነጥብ መስጠት አይችልም አለ። ገበያው? በሶስት ቀን ከ4 ሚሊዮን በላይ ኮፒ ሸጠ፣ በዓመቱ መጨረሻ ጌም አዋርድስ ላይ የዓመቱ ጌም ተባለ። ባልዱርስ ጌት 3 በ2023 ያንኑ ሽልማት ወሰደ።

ግን ጓደኛህ እንደዚህ አይነት ካራክተሮች ያሉበትን ድራጎን ኤጅ ዘ ቬይልጋርድን ሊጠቅስብህ ይችላል፣ እውነቱን ነው፣ በ2024 መጨረሻ ወጥቶ አሳታሚው ኢኤ ራሱ ወደ 1.5 ሚሊዮን ተጫዋች ነው ያገኘው፣ ከጠበቅነው በግማሽ ገደማ ያነሰ ነው ብሏል። እኔ እሱን ጌም ተጫውቼዋለሁ፣ ያዳከመው ንግግሩ ነው፣ ካራክተሮቹ ስብሰባ ላይ ያሉ ነው የሚመስሉት፣ እርስ በርስ አይሰዳደቡም አይጣሉም። ጌይም ይሁን ምንም፣ አሰልቺ ካራክተር አሰልቺ ነው። ፍርድ፦ አንድ አንድ ማኪያቶ ተገባበዙ።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው የምኖረው፣ ፋይናል ፋንታሲ 16ን ሱቅ ለሱቅ ዞሬ አጣሁት። ጓደኞቼ የጌይ ጌም ስለሆነ ነው አሉኝ። የምር ነው? (እህታችሁ)

መልስ፦ እህቴ በዙረትሽ አዘንኩ። በ2023 ጌሙ ሊወጣ ሲል የሳውዲ የሚዲያ መስሪያ ቤት አሳታሚው አስፈላጊውን ማስተካከያ ለማድረግ ፈቃደኛ ስላልሆነ እዚህ አይሸጥም ብሎ አሳወቀ። ተጫዋቹ ወዲያው የጠረጠረው ዲዮንን ነው፣ ቴረንስ ከሚባል ወታደሩ ጋር የሚዋደድ ልዑል ነው። "የጌይ ጌም" ግን አይባልም፣ አክተሩ ክላይቭ ነው፣ ክላይቭ ደግሞ የሚወደው ጂልን ነው። ያ ሁሉ የመጣው ለረዳት ካራክተር ነው እንግዲህ፣ አክተሩ ቢሆን ምን ሊሉ ነበር። ዞሮ ዞሮ ዝም ብለሽ አትዙሪ፣ ያኔ ሱቅ እንዳይገባ ተከልክሏል፣ አሁን መኖሩን መጀመሪያ ደውለሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ስሜንም ከተማዬንም አትፃፉ። እኔን የሚመስል አክተር ያለበት ጌም አለ? መርጬ ሳይሆን ከመጀመሪያው እንደዛ ሆኖ የተፈጠረ።

መልስ፦ አልፅፍም። ወንድ ይሁኑ ሴት ስላልነገሩኝ እርስዎ ልበልዎት፣ ለአክብሮትም ይሆናል። (አማርኛ እዚህ ጋ ጎበዝ ነው። ቬይልጋርድ ላይ ወንድም ሴትም አይደለሁም የምትል ታሽ የምትባል ካራክተር አለች፣ አያችሁ ገና ሳልጀምር "የምትባል" አልኩ፣ እንግሊዝኛው በብዙ ቁጥር ነው የሚጠራት፣ እኛ ግን "እሳቸው" ብንል ፆታውም አይታወቅ ክብሩም አይጎድል ነበር።)

አዎ አለ። ትራንስ ከሆኑ ቴል ሚ ዋይ። በ2020 ማይክሮሶፍት ያወጣው የፈረንሳዮቹ የዶንትኖድ ጌም ነው፣ ታይለር ሮናን የሚባል ትራንስ ወንድ ከመንታ እህቱ ጋር አላስካ ያለ የልጅነት ቤታቸውን ሊሸጡ ይመለሳሉ። ከትልቅ ስቱዲዮ የወጣ የመጀመሪያው ትራንስ አክተር እሱ ነው፣ ድምፁን የሰራውም ሰው ትራንስ ነው። ለተወሰኑ ዓመታት በጁን ወር በነፃ ሲሰጡት ነበር። ላይፍ ኢዝ ስትሬንጅ ትሩ ከለርስ ላይ ደግሞ አሌክስ ቼን አለች፣ ወንድም ሴትም የምትወድ፣ እሷ ላይ ከማን ጋር እንደምትሆን ይመርጣሉ፣ ስሜቷ ግን ቀድሞ የተፃፈ ነው።

በአንዱ ልጀምር ካሉኝ ግን የመጀመሪያው ዘ ላስት ኦፍ አስ ተጨማሪ ክፍል የሆነውን፣ በ2014 የወጣውን ሌፍት ቢሃይንድን ነው የምልዎት፣ ኤሊ 13 እና 14 ዓመቷ አካባቢ እያለች ራይሊ ከምትባል ጓደኛዋ ጋር የተዘጋ ሞል ውስጥ የሚያሳልፉት አንድ ምሽት። አንድ ቦታ የጌም ማሽን ያገኛሉ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ራይሊ አይንሽን ጨፍኚ ትላትና ፋይቱን በአፏ ታወራላታለች፣ መታሽ፣ ዝቅ በይ፣ አሁን ምቺው፣ እርስዎም የሌለ ጌም በተኑን እየተጫኑ ይጫወታሉ፣ የኤሊ ፊት ብቻ ነው የሚታየው። የሚሳሳሙት ከዛ ቆይተው ነው። ሁለት ሶስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ፒኤስ4 ካለዎት ሪማስተርድ የሚለውን የመጀመሪያውን ጌም ይግዙ፣ ውስጡ አለ፣ ለብቻው ገንዘብ እንዳይከፍሉበት።