ፕሮቶን ውስጥ ምን አለ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ አቶም ውስጥ የምትጠይቁት ካለ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጣውን በየተራ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ አቶም አይከፈልም ተብለን ነው የተማርነው። መቼ ተከፈለ?

መልስ፦ ስሙ በግሪክኛ «የማይከፈል» ማለት ነው፤ ነገሩ ግን ከስሙ ጋር ከተለያየ ቆየ። በ1897 ቶምሰን ኤሌክትሮንን አገኘ፣ በ1911 ራዘርፎርድ መሃሉ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ኒውክለስ እንዳለ አሳየ፣ በ1932 ቻድዊክ ኒውትሮንን ጨመረበት።

ጥያቄ፦ 8ኛ ክፍል የምትማር ልጄ «ኒውትሮን ቻርጅ ከሌለው ምን ይሠራል?» ብላኝ መልስ አጣሁላት።

መልስ፦ ጎበዝ ልጅ አለሽ፣ እህቴ። በኒውክለሱ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች ሁሉም ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ። ኒውትሮን ግፊያውን ሳያባብስ በኒውክለሱ ኃይል ያያይዛቸዋል። ከኒውክለስ ወጥቶ ብቻውን ሲቀር ግን በአማካይ 15 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ይፈርሳል፤ ፕሮቶን ይሆናል።

ጥያቄ፦ ፕሮቶንስ ከምን ተሠራ?

መልስ፦ ከሦስት ክዋርኮች፦ ሁለት «አፕ»፣ አንድ «ዳውን»። የአፕ ቻርጅ 2/3፣ የዳውን ደግሞ −1/3 ነው። ደምሩት፣ 1 ይመጣል። በኒውትሮን ውስጥ አንድ አፕና ሁለት ዳውን ስላሉ ድምሩ ዜሮ ነው።

ጥያቄ፦ ክብደታችንን የሚሰጠን ሂግስ የሚባለው ቅንጣት ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ሂግስ በ2012 ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል ውስጥ ሲገኝ እንዲያ ተብሎ ተወራ፣ ተማሪዎቼም ዛሬ ድረስ ይዘውት ይመጣሉ። ሂግስ ለክዋርኮች የራሳቸውን መጠነ ቁስ ይሰጣቸዋል፤ የሦስቱ ድምር ግን ከፕሮቶኑ 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ሚዛን ላይ አስቀምጡ፤ ከ100 ኪሎው የክዋርኮቹ ድርሻ አንድ ኪሎ ቢሆን ነው!

ጥያቄ፦ 99ኙ ኪሎ ታዲያ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከጉልበት። ክዋርኮቹ ጠባብ ቦታ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት ይራወጣሉ፣ ግሉዎን የሚባሉት ቅንጣቶች ደግሞ አጥብቀው ይይዟቸዋል። ያ የታመቀ ጉልበት ነው በአይንስታይን ቀመር መሠረት መጠነ ቁስ ሆኖ የሚመዘነው። ድንጋይ ስታነሱ እጃችሁ ላይ የሚከብዳችሁ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ክዋርክን ነጥሎ ማውጣት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ስትጎትተው ኃይሉ አይላላም፤ ያፈሰስከው ጉልበት አዲስ ክዋርክና ጸረ ክዋርክ (ቻርጁ ተቃራኒ የሆነ አቻው) ይፈጥርና የጎተትከው ወዲያው ጓደኛ ያገኛል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮን ውስጥስ?

መልስ፦ እስካሁን በተደረገው ሙከራ ሁሉ ምንም አልተገኘም።

ጥያቄ፦ ኒውትሪኖ በሰውነታችን ያልፋል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። ኒውትሪኖ ቻርጅ የሌለው፣ ከሌላ ነገር ጋር እምብዛም የማይነካካ ኢምንት ቅንጣት ነው። ከፀሐይ ብቻ በየሰከንዱ 60 ቢሊዮን ያህሉ በአውራ ጣትህ ጥፍር ውስጥ ያልፋሉ።

ጥያቄ፦ ሌሊትም?

መልስ፦ ሌሊትም። ያን ጊዜ ምድርን አቋርጠው ከእግርህ ሥር ይመጣሉ።