ለአራት ቀን ጉዞ ሦስት ሻንጣ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ለፋሲካ ድሬዳዋ እህቴ ጋ ለአራት ቀን እንሄዳለን። ሦስት ትልልቅ ሻንጣ ሞልቻለሁ። ለልጆቹ አዳዲስ ልብስ፣ ለእህቴ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቅቤና ዘይት፣ ለእኛ ደግሞ ጋቢና ብርድ ልብስ ነው። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ተሸክመን በሕዝብ ማመላለሻ መሄድ ስለማንችል መኪና እንከራይ ይላል። ትልቁ ልጄ ደግሞ ትምህርት ቤት ስለ አየር ብክለት ተምሮ መጥቶ፣ «እማዬ፣ አየሩን የሚበክለው ሻንጣሽ ነው» አለኝ። እውነት የአንድ ቤተሰብ ሻንጣ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? ባዶ እጄንስ እንዴት እሄዳለሁ?
ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤታሞች ነን ማለት ነው። እኔ ያለሁት ቱሉ ዲምቱ ነው። በበዓል ሰሞን ወደ አዳማው ፈጣን መንገድ የሚገቡትን መኪኖች ቆሜ አያለሁ። ፖርቶመጋላቸው ላይ የሚቆለለው ዕቃ ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል። ጥያቄሽ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው።

ልጅሽ እውነቱን ነው። ግን ጥፋቱ ክብደቱ ላይ ብቻ አይደለም። 45 ኪሎ ገደማ ዕቃ መኪና ውስጥ ብትጭኚ፣ የሚጨምረው ነዳጅ 1 ከመቶ አካባቢ ነው። ዕቃው ጣራ ላይ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ከመኪናው ጋር ጭነቱም ንፋስ ይጋፋል። በፈጣን መንገድ ላይ ትልቅ የጣራ ጭነት ነዳጁን ከ10 ከመቶ በላይ ሊያስጨምር ይችላል። አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ ከ2 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል። ድሬዳዋ ደርሶ መልስ 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንቺው አስቢው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በምን እንደምትሄዱ የሚወስንላችሁ ሻንጣው ነው። ባለቤትሽ መኪና እንከራይ ያለው ለምንድን ነው? ለሻንጣው ነው፤ ለእናንተማ ወንበር አይጠፋም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእህቴ ልጅ ሠርግ ደሴ ሄድኩ። ለሦስት ቀን ዘጠኝ ቀሚስና አራት ጫማ ያዝኩ። ሻንጣው 28 ኪሎ ሆነ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ቆምኩ። የመጀመሪያው ታክሲ ወያላ ሻንጣውን አይቶ በሩን ዘጋው። ሁለተኛው የሁለት ሰው ሂሳብ ጠየቀኝ፤ እሱንም ስደራደር ሞላ። አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ኮንትራት ይዤ ላምበረት ደረስኩ። ለአንድ ሴትና ለአንድ ሻንጣ አንድ ሙሉ መኪና ማለት ነው። ሻንጣው ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ታሰረ። ጣርማ በር ላይ ዝናብ ጣለ። ደሴ ስገባ እስከ ታች ርሷል። ከዘጠኙ ቀሚስ የለበስኩት ሦስቱን ብቻ ነው። ስድስቱን ቤቴ መልሼ በጀሪካን ውኃ አጠብኳቸው። ከዚያ ወዲህ በጀርባዬ መሸከም የማልችለውን ይዤ ወጥቼ አላውቅም።

ለእናንተ ደግሞ ጥሩ መንገድ አለላችሁ። ከፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚነሳው የጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ ያደርሳችኋል። መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። የሀገራችን ኤሌክትሪክ ደግሞ አብዛኛው ከውኃ ግድብ የሚመጣ ስለሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ንጹሕ ጉዞ አላውቅም። የሚነሳበትን ቀን ቀደም ብላችሁ አጣሩና ቲኬት ያዙ። ከኮዬ በቃሊቲ አድርጋችሁ በታክሲ ለቡ መድረስ ትችላላችሁ። ወያላው እሺ የሚላችሁ ግን ዕቃው ጭናችሁ ላይ የሚቀመጥ ሲሆን ነው።

አሁን ሻንጣዎቹን ክፈቻቸው። ሁሉንም አልጋ ላይ ዘርጊው።

ጋቢና ብርድ ልብሱ ይቅሩ። እኛ ያለነው ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ናት። በሚያዝያ ሙቀት ጋቢ ምን ያደርግልሻል? ለጠዋቱ ብርድ አንድ ነጠላ ይበቃሻል። ቤት ውስጥ የምትለብሺውን ድሪያ ከእህትሽ ተዋሺ። ለልጆቹ ሁለት ሁለት ቲሸርት ያዢ። ማታ የታጠበ ልብስ በዚያ ሙቀት ጠዋት ደርቆ ታገኚዋለሽ። ከባዱን ጫማ ሻንጣ ውስጥ አትክተቺው፣ ተጫሙት።

ስለ አዲሱ ልብስ ትንሽ ልቆይ። የፋሲካ ልብስ አይቅርባቸው፤ ልጅነት ነው። ግን ለበዓሉ አንድ አንድ ይበቃል። አንድ የጥጥ ቲሸርት ጥጡ ከሚበቅልበት ጀምሮ 2700 ሊትር ገደማ ውኃ እንደሚፈጅ ይገመታል። ይህ በእኛ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 135 ጀሪካን ነው። ውኃ በፈረቃ ጠብቀን ደረጃ ለደረጃ የምንሸከም ሰዎች 135 ጀሪካን ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረንም። ሻንጣ ስለሰፋ ብቻ የሚገዛ ልብስ ያሳዝነኛል። ጉዞው ካለቀ በኋላ የትም አይለበስም።

የመንገዱን ምግብ ከቤት ያዙ። ጉዟችሁ በሰሞነ ሕማማት ስለሚሆን በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ይመቻችኋል። እናቶቻችን ለመንገድ በሶ የሚመርጡት ቀላል ስለሆነ፣ ስለማይበላሽና ውኃ ብቻ ስለሚፈልግ ነው። ውኃውን ቤት አፍልታችሁ በየራሳችሁ ኮዳ ያዙ። አለበለዚያ አራት ሰው በመንገድ ላይ ስምንት ሃይላንድ ገዝቶ ይጥላል። ቆሎውን በጨርቅ ከረጢት አድርጊው። ፌስታልን ምክር ቤቱ በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው ሕግ ከልክሎታል፤ እኔ ግን ሕጉ ባይወጣም እለምንሽ ነበር። በየመንገዱ ዳር ግራር ላይ ተንጠልጥሎ የሚውለበለበውን ፌስታል ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደማል።

ባዶ እጅ መሄድስ? ነውር ነው፣ እስማማለሁ። ግን ዘይት ድሬዳዋም ይሸጣል፤ እሱን ተዪው። ያንቺ እጅ ያለበትን ያዢ። ሁለት ኪሎ ሽሮ፣ አንድ ኪሎ በርበሬ በቂ ነው። ቅቤውን አንጥረሽ፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጣሳ አድርገሽ በእጅሽ ያዢው። ድሬ ስትገቡ ሙሉ በሙሉ መቅለጡ አይቀርም፤ ልብስ መሃል ካስቀመጥሽው የበዓሉን ልብስ ያበላሽብሻል።

እንዲህ ስታደርጊ ሦስቱ ሻንጣ ለአንቺና ለባለቤትሽ አንድ አንድ የጀርባ ቦርሳ፣ ለልጆቹ የራሳቸው የትምህርት ቤት ቦርሳ ይሆናል። ከመውጣታችሁ በፊት ቦርሳውን አዝለሽ ደረጃውን አንዴ ውጪና ውረጂ። ካደከመሽ አንድ ነገር ቀንሺ። የሽሮውን ከረጢት ደግሞ እህትሽ ጋ እንዳትተዪው፤ ስትመለሺ ከቀፊራ ገበያ ሃላዋ ትይዢበታለሽ።