መኪናው ለምን ይሸታል? ጅማ ላላችሁ ወጣት መሐንዲሶች

ልጆቼ፤

ባለፈው ሳምንት ከፈረንጅ አራዳ ወደ ቤቴ ያደረሰኝ ሹፌር የእናንተ እኩያ ነው። መኪናዋ አዲስ ኤሌክትሪክ ነች። ፀሐይ ላይ ቆማ ስለዋለች በሩን ስከፍት ትኩስ ሽታ ፊቴን መታኝ። ልጁ ግን ደስ ብሎታል። «አባባ፣ አዲስ አዲስ ትሸታለች አይደል?» አለኝ። አዎ ብዬው ገባሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ የሩብ ሰዓት ተሳፋሪ ነኝ፤ እሱ ያንን አየር ቀኑን ሙሉ ይተነፍሰዋል።

ያ ሽታ አዲስነት አይደለም። ሙቀት ከዳሽቦርዱ፣ ከወንበሩ ስፖንጅ፣ ከምንጣፉና ከማስቲሹ የሚያስወጣው ኬሚካል ነው። ከመካከሉ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ሊኖርበት ይችላል፤ እሱ ደግሞ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመዘገበ ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ ለመመረቂያ ሥራችሁ ምክር ፈልጋችሁ ስለምትመጡ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታመጡት ሐሳብ ተመሳሳይ ነው፤ ፒኤልኤ የሚባለውን በስባሽ ፕላስቲክ ከቡና ገለባ ጋር ቀላቅለን የመኪና የውስጥ ዕቃ እንሥራ ትላላችሁ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ቶዮታ በ2003 እ.ኤ.አ. ራውም በተባለችው መኪናው ላይ የመለዋወጫ ጎማ ክዳን ከፒኤልኤና ኬናፍ ከሚባል ተክል ቃጫ ሠርቷል። ስለዚህ ሕልም አይደለም። ግን ሁልጊዜ የምታሳዩኝ በስንት ኪሎ እንደሚሰበር ነው። ሲሞቅ ምን እንደሚተነፍስ ያሳየኝ አንድም ልጅ የለም።

«ከበቆሎ የተሠራ ስለሆነ ንጹሕ ነው» ትሉኛላችሁ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ፒኤልኤ ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ነው። ውሃና ሙቀት ሲያገኝ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። እንዲበሰብስ የሚያደርገው ይኸው ድክመቱ ነው። ያው ድክመት መኪና ውስጥም አብሮት ይገባል። የተበጠሱት ቁርጥራጮች ትንንሽ ስለሆኑ በቀላሉ ይተናሉ፤ ፒኤልኤ የሚሠራበት ትንሹ ቁራጭ፣ ላክታይድ፣ ይወጣል፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ የፎርማልዴሃይድ ዘመድ የሆነው አሴታልዴሃይድ። ፒኤልኤ ወደ 60 ዲግሪ ገደማ መለስለስ ይጀምራል። ፀሐይ ላይ የዋለ ዳሽቦርድ ደግሞ ከዚያ በላይ ይግላል።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ውጭ አገር የመኪና የውስጥ ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ማታ የፒኤልኤ ጆንያ ከፍቼ ግማሹን ተጠቀምኩና አፉን ሳላስረው ወጣሁ። ዝናብ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት የቀረውን የፕላስቲክ ፍሬ ማሽኑ ውስጥ ጨመርኩት። የበሩ መሸፈኛ ሲወጣ ፊቱ ትንንሽ አረፋ ነው። በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ደረቅ ዳቦ ቅርፊት ተሰነጠቀ። ሽታው ጣፋጭም ኮምጣጣም ነበር፤ እንደተቃጠለ ስኳር። ከዚያ ያደረግነው ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ፍሬውን ከማድረቅ ይልቅ የሎሚ መዓዛ ቀላቅለንበት ማምረታችንን ቀጠልን። ሳምንታት ሳይቆይ ሎሚው ጠፋ፣ ኮምጣጣው ቀረ። ዕቃው ሁሉ ተመለሰ።

ጅማ ላደገ ልጅ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ቡና አልጋ ላይ በወጉ ሳይደርቅ ጆንያ ከገባ ይሻግታል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢቆሉት ሽታው አይለቅም። ቡና እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ሲወርድ ደረቀ ይባላል። ፒኤልኤ ግን ማሽን ከመግባቱ በፊት እርጥበቱ ከ0.025 በመቶ በታች መሆን አለበት። በአንድ ኪሎ ውስጥ ሩብ ግራም ውሃ ማለት ነው! ተራ ኦቨን የጅማን እርጥብ አየር መልሶ ያዞረዋል እንጂ እዚያ አያደርሳችሁም። ደረቅ አየር የሚነፋ ማድረቂያ ያስፈልጋል። ፍሬው ከደረቀ በኋላም ሳይውል ሳያድር ተጠቀሙበት። ክረምት ላይ የተከፈተ ጆንያ ለአንድ ሰዓትም አይታመንም።

የቀረው የማሽኑ ሥራ ነው። ሙቀቱን ፕላስቲኩ ለመፍሰስ ከሚያስፈልገው በላይ አታድርጉት። የቀለጠውም ውስጥ ብዙ አይቆይ። ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚገፋው ማሽን፣ ኤክስትሩደሩ፣ ላይ በቫኪዩም ተን የሚስብ ቀዳዳ ካለ ክፈቱት፤ ላክታይዱ የሚወጣው በዚያ ነው። ሰንሰለቱ በቀላሉ እንዳይበጠስ ጫፍ ጫፉን የሚዘጉ ኬሚካሎችም አሉ፤ ግን መጀመሪያ ማድረቅ ልመዱ።

የቡና ገለባ የራሱ ጣጣ አለው። ከመፈልፈያ ጓሮ እንዳለ አታምጡት። እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ቀላቅሉት። ሙቀቱ 200 ዲግሪ ካለፈ ገለባው ራሱ መቃጠል ይጀምርና የጭስና የኮምጣጤ ሽታ ያመጣል። ቃጫም እንደዚያው ነው።

ውድ መሣሪያ የለንም አትበሉኝ። የጀርመን መኪና አምራቾች የሽታ ፈተና የሚፈልገው አንድ ሊትር የሚይዝ ባለ ክዳን የመስታወት ዕቃ፣ ኦቨንና ቢያንስ የሦስት ሰው አፍንጫ ነው። ናሙናውን ዝጉበትና 80 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት አቆዩት። ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ክዳኑን ገለጥ አድርጋችሁ አሽትቱ። ነጥቡ ከ1 እስከ 6 ነው፤ 6 የማይቻል ሽታ ነው። ሦስታችሁም ለየብቻ ጻፉ፣ ሳትነጋገሩ። ልክ እንደ ቡና ቀማሾች።

አፍንጫ ግን ሁሉንም አይይዝም። ቻይና በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መመሪያ በመኪና ውስጥ አየር የፎርማልዴሃይድ ጣሪያ በኪዩቢክ ሜትር 0.10 ሚሊግራም ነው። የአሴታልዴሃይድ ደግሞ 0.05፣ ግማሹ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከከለከለች ወዲህ የምንነዳቸው ኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ከዚያው ይመጣሉ። ስለዚህ ቁጥሮቹን ማወቅ የእናንተም ሥራ ነው። ለመለካት የሚሆን መሣሪያ ያለው ላቦራቶሪ ፈልጉና ናሙናችሁን ላኩ፤ ውጤቱ ባያምርም ሪፖርታችሁ ውስጥ አስገቡት።

በሚቀጥለው ስትመጡ የተሰበረ ናሙና ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ሁለት ዕቃ አምጡልኝ፤ አንዱ ደርቆ የተሠራ፣ ሌላው ሳይደርቅ። የቱ የቱ እንደሆነ አትንገሩኝ። ክዳኑን እኔ እከፍታለሁ።