ጓሮው ከማሳ ጋር ለሚዋሰን ቤት ምን ዓይነት አጥር ይሻላል?

ሰላም እህቴ፣ ሐይቅ ዳር የሰራችሁት ቤት ጓሮው ከገበሬ የማሽላ ማሳ ጋር ይገጥማልና በቆርቆሮ ልጠረው በሽቦ ወይስ በድንጋይ ላልሽው ነው። እኔ ያለሁት ቃሉ ወረዳ ነው፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ከጓሮዬ ጀርባ ያለው ማሳ አንዴ ማሽላ አንዴ ጤፍ ይዘራበታል፣ ትንሽ ይረዝምብሻል ታገሺኝ።

ብዙው ሰው ቆርቆሮ አርጊው እያለሽ ነው፣ ከተማ መሃል ቢሆን እኔም እሱኑ እልሽ ነበር። ማሳ ዳር ግን ማሽላው ከታጨደ በኋላ ሜዳ ነው፣ ንፋሱን የሚሰብርልሽ ነገር የለም፣ ቀጥታ መጥቶ ቆርቆሮው ላይ ነው የሚያርፈው፣ ምስማሩ የገባበት ቀዳዳ እየሰፋ ይሄድና ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ ያድራል። ደሞ ባለ 35 ጌጅ ነው ሲሉሽ ወፍራም እንዳይመስልሽ፣ የጌጁ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እየሳሳ ነው የሚሄደው፣ 28ቱ ነው ወፍራሙ፣ የሱን ዋጋ ደሞ ጠይቂና ነይ።

ከሁሉ በፊት ግን አጥሩ ማንን ከማን እንደሚከለክል አስቢ። እኛ የምንፈራው የሰው ከብት ወደኛ እንዳይገባ ነው፣ እሱ አዝመራ ተሰብስቦ ከብት አገዳ ላይ ሲለቀቅ ነው የሚመጣው፣ ያኔ እውነት ነው ጎመንሽን አይምሩልሽም። ከገበሬው ጋር የሚያጣላሽ ግን ያንቺው ዶሮ ነው። ጤፍ ተዘርቶ ሳይበቅል አንድ ዶሮ ከነጫጩቶቿ ከገባችበት ጭራ ጭራ ነው የምትጨርሰው፣ ሰውየው ደሞ ቢናደድ አይፈረድበትም። ስለዚህ አጥርሽ ጥቅጥቅ ማለት ያለበት ከታች ነው፣ ከላይ ሽቦም ቢሆን ይበቃል።

ሌላው ማንም የማያስበው በሬው ነው። ጤፍ የሚዘራበት መሬት ደጋግሞ ነው የሚታረሰው፣ አንዴ በቁመቱ አንዴ በአግድሙ፣ እና ጥማዱ ጫፍ ደርሶ የሚዞረው ያንቺ አጥር ስር ነው። እሾሃማ ሽቦ ልክ ወሰኑ ላይ ከወጠርሽ በሬው ሲዞር ጎኑን ይቀደዋል፣ አለዚያ ቀንበሩ ቋሚሽን ይዞት ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ ሽማግሌ ነው። አጥሩን ከወሰኑ አንድ ክንድ ያህል ወደራስሽ አስገቢው። መሬት መልቀቅ ያንገበግባል አውቃለሁ፣ ግን አጥሩን ከውጭ ስትጠግኚ የሰው ቡቃያ ላይ ልትቆሚ ነው እንዴ? የወሰን ድንጋዩን ብቻ አትንኪው፣ ባለበት ይታይ።

እኔ ያለኝም፣ አንቺንም የምመክርሽ እስከ ጉልበት የድንጋይ ካብ፣ ከላዩ የዶሮ ሽቦ፣ ከውስጥ በኩል ደሞ ተክል ነው። ወሎ ሆነን ድንጋይ አይቸግረንም መቼም። ማሳው ካንቺ ከፍ ያለ ከሆነ ካቡን በሲሚንቶ አትለስኚው፣ ሐምሌና ነሐሴ ጎርፉ ወዳንቺ ነው የሚወርደው፣ ደረቅ ካብ ውሃውን እያጣራ ያሳልፈዋል። ከኛ ዝቅ ብሎ አንዱ በብሎኬት አሳምሮ ሰርቶ ውሃ ማስወጫ ሳይተውለት ውሃው ከጀርባው ተጠራቅሞ ገፍቶ ጣለበት፣ መሬቱ ደሞ ዋልካ ነው፣ ዋልካ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ ግንብ አያቆምም። የካብ ችግሩ አይጥና እባብ ይወዱታል፣ ማሽላው ሲታጨድ የማሳው አይጥ ጠቅላላ ወደ ካቡ ነው የሚሰደደው፣ ድመት አሳድጊ ከማለት ሌላ መላ የለኝም ሃሃ።

ቋሚው ላይ አትቸኩዪ። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው ግን ምስጥ ከስሩ ይበላዋል፣ ላዩ ደህና መስሎ ቆሞ አንድ ቀን ስትደገፊው አብሮሽ ይወድቃል። የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ለብለብ አርጎ የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ያቆየዋል እንጂ አያድነውም። ወይራና ጽድ ምስጥ አይደፍራቸውም፣ ግን ዛሬ እነሱን ቆርጦ ማምጣት ያስጠይቃል። እኔ የምወደው ኮርች የሚባለውን ዛፍ ነው፣ ወፈር ያለ ቅርንጫፉን ቆርጠሽ ዝናብ ሲይዝ ትተክዪዋለሽ በቃ፣ ራሱ ስር ይሰዳል። ሽቦውን ግን ላላ አርገሽ እሰሪው፣ ግንዱ ሲወፍር ማሰሪያውን ይውጠዋል፣ የኔ ጋ አሁን ሽቦው ከልጡ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው።

ለተክሉ ቅንጭብ በነፃ ይገኛል፣ ከብትም አይነካውም፣ ነገር ግን ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው፣ ትንንሽ ልጆች ካሉሽ ይቅርብሽ። በተለይ ጥንቅሽ ሲደርስ ልጅ በአጥር አይሾልክም ብለሽ እንዳታስቢ። አጋም ቀርፋፋ ነው፣ ከያዘ ግን እሾሁ ውሻም አያሳልፍ፣ ፍሬውም ይበላል። ባህር ዛፍ ወሰን ላይ በጭራሽ፣ የሰውየውን ሰብል ያቀጭጭበታል።

ጅብ ለጠየቅሽው፣ ማሽላው ከሰው ቁመት ሲበልጥ መደበቂያው ነው፣ ይሄን አጥር አይቆጥረውም። በግ ካለሽ ጉረኖውን አጠንክሪ።

ደሞ ገበሬው አረም ለማጥፋት ቱፎርዲ ሲረጭ ንፋስ ካለ ወዳንቺ ይመጣል፣ ቲማቲም በተለይ አይችለውም ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ስለዚህ ቲማቲሙን ከማሳው ራቅ ባለው በኩል ትከዪ፣ ሊረጭ ሲልም እንዲነግርሽ ተነጋገሩ። ጉድጓድ ከመቆፈርሽ በፊት እሱን ጠርተሽ ወሰኑን አብራችሁ እዩት፣ የቀበሌ መሬት አስተዳደርም ቢኖር ጥሩ ነው። አብሽሪ፣ ገበሬ ሳትደብቂው ከነገርሽው ክፉ አይደለም፣ የኔው ጎረቤት እሸት በካቡ ላይ ነው የሚያቀብለኝ።

እስቲ ሁለት ነገር ንገሪኝ፣ አፈሩ ዋልካ ነው ወይስ ድንጋያማ? ማሳው ካንቺ ከፍ ይላል ዝቅ? ዝቅ የሚል ከሆነ የካቡን ነገር እንደገና እናወራለን።