ለነርስ ልጆቼ፦ ያልቆጠርኩት ቁስል

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ነርስ ከምዕራብ ጎጃም ደወለችልኝ። «ሲስተር፣ ፒኤችዲ ይሻለኛል ወይስ ዲኤንፒ?» ሁለቱም የነርስ ዶክትሬት ናቸው። አሜሪካ ላለ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ልትሞላ ነው። ጡረተኛ ጊዜ አያጣም፤ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ማዕረጉን ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ አትድከሙ። እዚህ ጎጃም ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። እኔንም ከደጋ የሚመጡ እናቶች «ዶክተርዬ» እያሉኝ ነው የኖርኩት። ማረም ከተውኩ ቆየሁ።

ፒኤችዲ፣ ማለትም የምርምር ዶክትሬት፣ የቅኔ ቤት ይመስለኛል። አዲስ ይዞ ያልመጣ አይሰማም። ዲኤንፒ፣ ማለትም የነርሲንግ ተግባር ዶክትሬት፣ እንደ ቅዳሴ ነው። ዜማው የታወቀ ነው፤ ጭንቁ በሰዓቱና በሥርዓቱ ማድረሱ ላይ ነው። አሜሪካ ያለው የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ዲኤንፒን በፈረንጆቹ 2001 ጀመረው። የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማህበር በ2006 ባወጣው መመሪያ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ቢያንስ 1000 ሰዓት የተግባር ልምምድ ጠየቀ። መመረቂያው የታወቀን ነገር ዋርድ ውስጥ ሥራ ላይ አውሎ ለውጡን በቁጥር ማሳየት ነው።

ቁጥር! እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ድሮ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ወገባቸው የተጎዳ አባት ተኝተው ነበር። አንድ ጠዋት አንሶላቸውን ስቀይር ሸተተኝ። ገልበጥ ሳደርጋቸው መዳፍ የሚያህል ቤድ ሶር፣ ሳይገላበጡ ከመተኛት የሚመጣ ቁስል። በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ እንዳለብን ሁላችንም ተምረናል፤ ፈተና ላይም መልሰነዋል። ግን ሌሊት አንዲት ነርስ ስንቱን ታገላብጥ?

ካርቶን ቀድጄ ቀስት ሳልኩበት። ቀስቱ ወደ መስኮት ካየ ፊታቸው ወደ መስኮት፣ ወደ በር ካየ ወደ በር። ራስጌያቸው ሰቀልኩትና አስታማሚ ልጃቸውን አሳየሁት። ፊደል አልቆጠረም፤ ቀስት ግን አይጠፋውም። በሳምንቱ ሌሎቹ አስታማሚዎችም «ለኛስ?» እያሉ ካርቶን ይዘው መጡ።

ቁስሉ የቀነሰ መሰለኝ። በፊት ስንት ነበር፣ በኋላ ስንት ሆነ፣ አልጻፍኩም። አለቃዬ «ማስረጃሽ የታለ?» ሲሉኝ አፌን ይዤ ቀረሁ። ስዛወር ካርቶኑም ተነሳ። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ጥያቄያችሁ «ይህ ለምን ይሆናል?» ከሆነ ፒኤችዲ ሞክሩ። «እያወቅን ለምን አንሠራውም?» እያለ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ግን የእናንተ ዲኤንፒ ነው። የወረቀቱንም ነገር ቀድማችሁ አጣሩ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ፕሮግራሞች የአገራቸውን የነርስ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ለዚያ ኤንክሌክስ የሚባል ፈተና አለ። ስትመለሱ ዲግሪው በየትኛው የሥራ መደብ እንደሚያዝም ሳትሄዱ ጠይቁ። ኋላ ከመከራከር ይሻላል።

ለደወለችው ልጅ «ዋርድሽ ውስጥ ምን ያናድድሻል?» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «የሌሊት ቻርታችን፣ የሕሙማን መዝገቡ» አለች። «ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የሁሉም ሙቀት 36.5 ነው።»

ሳቄ መጣ። እኔም በጊዜዬ ሳልለካ ጽፌዋለሁ።

«በይ ማመልከቻውን አቆይውና አንድ ወር ቁጠሪ» አልኳት። «ከዚያ ደውይልኝ።»