የቀኝና የግራ አንጎል የደም መጠን ቢለያይ ያሰጋል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ54 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ራስ ምታት ሲመላለስብኝ ፒያሳ አንድ ክሊኒክ ሄጄ የአንገት ደም ስር አልትራሳውንድ ታየሁ። ውጤቱ «መጥበብ የለም፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ግን በቀኝ በኩል ትንሽ ያንሳል» ይላል። ሲያዩኝ ጋደም ብዬ ነበር፣ ምንም እየሠራሁ አልነበረም። ቡና ላይ ሳወራው ጎረቤቶቼ «ስትሮክ ሊመታሽ ነው» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞዎት። «መጥበብ የለም» መባልዎ ትልቅ ዜና ነው። የሚያስፈራን ልዩነት፣ ደም ስር በስብ ክምችት ጠቦ የሚመጣው ነው።

ቀኝና ግራው አንጎል በእረፍት ጊዜም ቢሆን እኩል ለእኩል ደም አይደርሳቸውም። በጤነኛ ሰውም ጥቂት ልዩነት ይታያል። አንዱ ምክንያት አፈጣጠራችን ነው። የግራው የአንገት ደም ስር አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ከዋናው ደም ቧንቧ ይወጣል፤ የቀኙ ግን ወደ ቀኝ ክንድ ከሚሄደው ጋር አንድ ግንድ ይጋራል። ከኋላ በኩል የሚወጡት ሁለቱ ደግሞ በብዙ ሰው ላይ ውፍረታቸው አይመሳሰልም።

ደግነቱ አራቱም ከአንጎል ሥር ይገናኛሉ። ቶማስ ዊሊስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1664 ስለገለጸው «የዊሊስ ክብ» ይባላል። ክቡ በሁሉም ሰው ላይ የተሟላ ባይሆንም፣ አንዱ ሲያንስ ሌላው ይደጉማል። 100 ግራም አንጎል በደቂቃ በአማካይ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያገኛል። ችግር የሚጀምረው ወደ 20 ገደማ ሲወርድ ነው። የእርስዎ አልትራሳውንድ ያየው ግን በአንገት የሚያልፈውን እንጂ አንጎል ውስጥ የተሰራጨውን አይደለም።

ለራስ ምታትዎም ይህ ልዩነት ምክንያት አይመስለኝም። እሱ ለብቻው ይታይ። ደም ግፊትዎን በሁለቱም ክንድ ይለኩ፤ የላይኛው ቁጥር ከ15 በላይ ከተለያየ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ስኳርና ኮሌስትሮልም ይታዩ። እኔን ከአልትራሳውንዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሳይታወቅ የቆየ ግፊት ነው።

ድንገት ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ምላስ ከተሳሰረ ግን «ትንሽ ልረፍ» አይበሉ። ወዲያው ቢለቅዎም እንኳ። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ፤ ምልክቱ በስንት ሰዓት እንደጀመረም ይያዙ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።